የስታንን ውጤት በምን እናጠቃልል? ስታንሰመሪ፣ አር፣ ፓይተን ወይስ ኦክ

ስታን የስታቲስቲክስ ሞዴል ተሰጥቶት የፓራሜትሮቹን (የሞዴሉን ያልታወቁ ቁጥሮች) ሊሆኑ የሚችሉ ዋጋዎች በናሙና የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ ሲኤምዲስታን በተርሚናል የሚሠራበት መልኩ ነው። ሲኤምዲስታን ሥራውን ሲጨርስ ሠንጠረዥ አያስረክብም። የሚተወው በኮማ የተከፋፈሉ የጽሑፍ ፋይሎችን ነው። አራት ሰንሰለት (እያንዳንዱ ለብቻው የሚሄድ የናሙና ማውጣት ሥራ) ካስኬዳችሁ አራት ፋይል ይኖራል፤ በነባሪው ቅንብር እያንዳንዱ 1000 ረድፍ ናሙና ይይዛል። አማካዩን ማውጣት፣ ሰንሰለቶቹ ተስማምተው እንደሆነ መፈተሽ፣ ሪፖርት ውስጥ የሚገባውን ክልል መቁረጥ የእናንተ ፋንታ ነው። ለዚህ አራት መንገድ አለ፦ ከሲኤምዲስታን ጋር አብሮ የሚመጣው ስታንሰመሪ፣ የአሩ ሲኤምዲስታንአር፣ የፓይተኖቹ ሲኤምዲስታንፓይና አርቪዝ፣ እንዲሁም በእጅ፣ የተርሚናሉ የጽሑፍ መሣሪያዎች ግሬፕና ኦክ።

ብዙ ሰው የሚመርጠው የለመደውን ቋንቋ ነው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን መሣሪያዎቹ ተመሳሳይ ስም በያዘ ዓምድ ሥር የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። አንዱ 90% ክልል ሲሰጥ ሌላው 94% ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ የአር-ሃትን (ሰንሰለቶቹ መስማማታቸውን የሚለካው፣ ሲስማሙ ወደ 1 የሚጠጋው ቁጥር) አሮጌ ቀመር ሲጠቀም ሌላው አዲሱን ይጠቀማል። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ የቱ እንደሚያምር ሳይሆን የቱ ምን እንደሚያሰላ ነው።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይህ ነው። ናሙናው እንዳለቀ፣ እዚያው ሥራው በሄደበት ሰርቨር ላይ ስታንሰመሪን ከወንድሙ ከዳያግኖዝ ጋር አስኪዱ። ለሪፖርት የሚሆን ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ሲያስፈልግ ወደ አር ወይም ወደ ፓይተን ሂዱ። ኦክን ገና እየሄደ ያለ ሥራ ለማየትና የኮምፒውተሩ ራም የማይችለውን ፋይል ለመቁጠር ያዙት። ኤክሴልን ተዉት።

(የትዕዛዞቹን ስም እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ነው የሚገቡት።)

ፋይሉ ውስጥ ያለው

ከውጤት ፋይሎቹ አንዱን ብትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት በ# የሚጀምሩ መስመሮችን ነው፦ የስታን እትም፣ የሞዴሉ ስም፣ የናሙናና የማሞቂያ (ናሙና አውጪው ራሱን የሚያስተካክልበት) ዙር ብዛት፣ የሲድ (የዕጣው መነሻ) ቁጥሩ። ከዚያ የዓምዶቹን ስም የያዘ አንድ መስመር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓምዶች የእናንተ ፓራሜትሮች አይደሉም፣ የናሙና አውጪው ናቸው። በቅደም ተከተል የሎግ ዴንሲቲው (ኤልፒ)፣ የመቀበል መጠኑ፣ የእርምጃው ርዝመት፣ የዛፉ ጥልቀት፣ የሊፕፍሮግ እርምጃዎች ብዛት፣ ዳይቨርጀንት (እርምጃው መንገዱን ስቶ እንደሆነ በ1፣ ካልሆነ በ0 የሚናገር) እና ኢነርጂ ናቸው። የእናንተ ከስምንተኛው ይጀምራል። ማትሪክስ ከሆነ ስሙ «ቴታ.1.2» ተብሎ በነጥብ ይጻፋል፤ ኮማው ለዓምድ መለያነት ተይዟልና። ፋይሉ የሚዘጋው እንደገና በ# በሚጀምሩ የጊዜ መስመሮች ነው፦ ማሞቂያው ስንት ሰከንድ ወሰደ፣ ናሙናው ስንት፣ ጠቅላላው ስንት። እነዚህ መስመሮች ከሌሉ ሥራው መሀል ላይ ተቋርጧል ወይም ገና አላለቀም። የትኛውንም መሣሪያ ከማስኬዳችሁ በፊት የፋይሉን የመጨረሻ አምስት መስመር ቴል በሚባለው ትዕዛዝ ማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ለምሳሌነት ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የስምንቱን ትምህርት ቤቶች ዳታ እንያዝ፤ ዶናልድ ሩቢን በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። በስምንት ትምህርት ቤቶች የፈተና ማጠናከሪያ ያመጣው ለውጥ 28፣ 8፣ -3፣ 7፣ -1፣ 1፣ 18 እና 12 ነጥብ ሲሆን፣ መደበኛ ስህተታቸው 15፣ 10፣ 16፣ 11፣ 9፣ 11፣ 10 እና 18 ነው። ሞዴሉ አንድ ሙ (የጋራው አማካይ)፣ አንድ ታው (ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት ስፋት) እና ስምንት ቴታ (የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለውጥ) አለው። ስለዚህ የውጤት ፋይሉ 17 ዓምድ ይኖረዋል፦ ሰባት የናሙና አውጪው፣ አሥር የእናንተ። ዳታው ትንሽ ነው፣ ግን የማጠቃለያ መሣሪያዎችን ድክመት ለማጋለጥ የሚበልጠው የለም።

ስታንሰመሪ

ሲኤምዲስታን ሲገነባ ቢን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ ምንም መጫን አያስፈልግም፦ አር የለም፣ ፓይተን የለም፣ የጥቅሎች ጥገኝነት የለም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሆናችሁ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች ለምትሠሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 10,000 ፓራሜትርና 4000 ናሙና ያለው ሥራ 40 ሚሊዮን ቁጥር ነው። በጽሑፍ መልክ፣ ለአንድ ቁጥር አሥር ባይት ያህል ብንይዝ፣ ወደ 400 ሜጋባይት ይጠጋል። ማጠቃለያው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ፋይሉን ወደ ቤት ከማውረድ ማጠቃለያውን እዚያው ሠርቶ እሱን ማምጣት ይሻላል።

የምንመክረው አጠራር ይህን ይመስላል፦

ቢን/ስታንሰመሪ -ኤስ 4 -ፒ 2.5,50,97.5 አውትፑት_*.ሲኤስቪ

እነዚህ ሁለት ፍላጎች ለጌጥ የገቡ አይደሉም። -ኤስ የጉልህ አሃዞች ቁጥር ነው፤ ካልሰጣችሁት 2 ይሆናል። በሁለት ጉልህ አሃዝ አር-ሃት 1.04 ቢሆን «1.0» ተብሎ ተጠጋግቶ ሊታተም ይችላል። 1.04 ደግሞ አሁን ተቀባይነት ካለው የ1.01 ወሰን በላይ ነው። «አር-ሃት ሁሉም 1.0 ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሰንሰለቶቹ አለመስማማታቸውን ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ 4 ይሁን፤ ከ1 እስከ 18 ይቀበላል።

-ፒ የፐርሰንታይሎቹን ዝርዝር ይወስዳል። ነባሪው 5፣ 50 እና 95 ነው። እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የተለመደው ስህተት አለ፦ በ5% እና በ95% ዓምዶች መካከል ያለው ክልል 90% ነው፣ 95% አይደለም። ዓምዱ ላይ «95%» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሪፖርቱ ውስጥ «የ95% ክልል» ብለው የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው። የ95% ክልል ከፈለጋችሁ 2.5 እና 97.5 ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉ።

ሌሎቹን ፍላጎች በአጭሩ። -ሲ ከፋይል ስም ጋር ሲሰጥ ማጠቃለያውን ለሌላ ፕሮግራም በሚመች በኮማ የተከፋፈለ ፋይል ያስቀምጣል። -አይ ከፓራሜትር ስም ጋር ያንን ፓራሜትር ብቻ ያወጣል፣ ደጋግሞ መስጠትም ይቻላል። ሞዴላችሁ ለእያንዳንዱ ታዛቢ የተተነበየ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ያለዚህ ፍላግ ሦስት ሺህ መስመር ተርሚናሉ ላይ ይፈስሳል፣ የምትፈልጉት ሙም ከላይ ተገፍቶ ይጠፋል። -ኤ የአንድ ሰንሰለት አውቶኮሪሌሽን ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

አሁን የሚወጣውን ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች እንየው። ከሠንጠረዡ በፊት ያለችውን የሰንሰለት ብዛትና የተቀመጠ ናሙና የምትናገር መስመር ብዙ ሰው ይዘልላታል፤ አትዝለሏት። ከዚህ በፊት ስምንት ሰንሰለት አስኬዳችሁ፣ አሁን አራት ብቻ አስኬዳችሁ እንበል። አዲሶቹ ከ1 እስከ 4 ባሉት ላይ ይጻፋሉ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት አሮጌዎቹ ግን እዚያው ናቸው። በትዕዛዙ ውስጥ ያለችው ኮከብ (*) ሁሉንም ትሰበስባለች። የዓምዶቹ ስም እስከተመሳሰለ ድረስ የሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናሙና አንድ ላይ ይጠቃለላል። «8 ሰንሰለት» የሚለውን ካያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካላያችሁ ግን ቢያንስ የአር-ሃት ማሻቀብ እስኪያስጠነቅቃችሁ ትጠብቃላችሁ፣ የቀየራችሁት ትንሽ ነገር ከሆነ ደግሞ እሱም ላያስጠነቅቅ ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፎልደር መክፈት ነው።

ቀጥለው የጊዜ መስመሮቹ አሉ። አራቱ ሰንሰለቶች 12፣ 11፣ 13 እና 96 ሰከንድ ከወሰዱ አራተኛው አንድ ቦታ ተጠምዷል፤ ወደ ታች ሳትወርዱ ችግር እንዳለ አወቃችሁ።

በሠንጠረዡ ውስጥ መጀመሪያ ልትመለከቱት የሚገባው የዳይቨርጀንት ረድፍ ነው። እዚያ ያለው አማካይ መጠን ስለሆነ በናሙናው ብዛት ማባዛት አለባችሁ። 0.012 ካለና 4000 ናሙና ካላችሁ 48 ዳይቨርጀንስ ተፈጥሯል። 0.012 ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ 48 ግን ትንሽ አይደለም። የስምንቱን ትምህርት ቤቶች ሞዴል ቴታን በቀጥታ ከሙና ከታው አድርጋችሁ ከጻፋችሁት ይህን ዓይነት ቁጥር ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱም ታው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስምንቱ ቴታዎች በአንዴ ይጨመቃሉ፣ የተስማማው የእርምጃ ርዝመትም ለዚያ ጠባብ አንገት ይበዛል። ናሙና አውጪው ወደ ጠባቡ ሳይገባ ይመለሳል፣ የታው አማካይም ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሠንጠረዡ ግን ንጹሕ ይመስላል፦ አማካይ አለ፣ ልይይት አለ፣ ክልል አለ። ለዚህ ነው ረድፉ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት።

ከዚያ የፓራሜትሮቹ ረድፎች ይመጣሉ። ኤምሲኤስኢ የሚለው ዓምድ የአማካዩ የስሌት ስህተት ነው፤ መደበኛ ልይይቱን ለውጤታማ የናሙና መጠን (ተከታታዮቹ ናሙናዎች ስለሚመሳሰሉ ስንት ነጻ ናሙና እንደሚያክሉ) ካሬ ሥር አካፍሎ የሚገኝ። የታው ልይይት 3.2፣ ውጤታማ ናሙናው 200 ቢሆን ስህተቱ ወደ 0.23 ነው። ይህን ያየ ሰው የታውን አማካይ «3.614» ብሎ አይጽፍም፤ ከነጥብ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ እንኳ ገና አልረጋም።

የስታንሰመሪ ደካማ ጎን እትሙ ነው። በአሮጌዎቹ እትሞች የውጤታማ ናሙናው ዓምድ አንድ ብቻ ሲሆን ኤን-ኢፍ ተብሎ ይጠራል፣ አር-ሃቱም በአሮጌው ቀመር ይሰላል። በአዲሶቹ ኢኤስኤስ-በልክና ኢኤስኤስ-ቴል የሚባሉ ሁለት ዓምዶች አሉ (የመጀመሪያው ለስርጭቱ መሀል፣ ሁለተኛው ለጅራቱ)፣ አር-ሃቱም ናሙናውን በደረጃ ቀይሮ የሚያሰላው የ2021ዱ እ.ኤ.አ. ቀመር ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጅራታቸው ረጅም በሆኑ ፓራሜትሮች ላይ ነው። አንዱ ሰንሰለት ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አማካይ ይዞ ስፋቱ ግን ቢለይ አሮጌው ቀመር ላያየው ይችላል። የዓምዱን ርዕስ ተመልከቱ፤ ኤን-ኢፍ ካያችሁ ወይ አሻሽሉ፣ ወይ ለመጨረሻው ፍተሻ ወደ አር ወይም ወደ አርቪዝ ሂዱ። ወሰኑን በተመለከተ፣ በአራት ሰንሰለት ከ400 ያነሰ ውጤታማ ናሙና ካያችሁ ሥራውን አርዝሙት ወይም ሞዴሉን መርምሩት።

ስታንሰመሪ የሚሠራው ከናሙና አውጪው ለወጣ ፋይል ነው። የኦፕቲማይዜሽን ውጤት አንድ ረድፍ ብቻ ስላለው እዚህ መስጠቱ ትርጉም የለውም።

ዳያግኖዝን አትርሱት

እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለ ሁለተኛ ትዕዛዝ ነው፣ የሚሰጡትም እነዚያኑ ፋይሎች ነው። ቁጥር ሳይሆን ፍርድ ይሰጣል፦ ዛፉ ከፍተኛው ጥልቀት ላይ ስንት ጊዜ ደረሰ (ነባሪው 10 ነው)፣ ስንት ዳይቨርጀንስ አለ፣ የኢነርጂው መለኪያ ከ0.3 በታች ነው ወይ፣ ውጤታማ ናሙናውና አር-ሃቱ እንዴት ናቸው። ችግር ከሌለ ምንም እንዳልተገኘ የሚገልጽ መስመር ጽፎ ይዘጋል። ዳይቨርጀንስ ሲኖር ዴልታን (የሚታለመውን የመቀበል መጠን) ከ0.8 ከፍ እንድታደርጉ ይመክራል። ምክሩ መጥፎ ባይሆንም ለስምንቱ ትምህርት ቤቶች ዓይነት ሞዴል 0.99 ማድረግ ዳይቨርጀንሱን ይቀንስ እንጂ ሥሩን አይነቅልም። የሚነቅለው ቴታን ሙ ሲደመር ታው ሲባዛ በአንድ መደበኛ ተለዋዋጭ አድርጎ መጻፍ ነው። ለሙ ኖርማል 0 እና 5፣ ለታው ግማሽ ኮሺ 0 እና 5 ሰጥታችሁ እንዲህ ከጻፋችሁት የሙ አማካይ ወደ 4.4፣ የታው ወደ 3.6 ይመጣል። ከዚህ ራቅ ካለ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ዳያግኖዝን በስክሪፕት ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ የሚያወጣውን ጽሑፍ በግሬፕ ፈልጉ፤ በመውጫ ኮዱ ላይ ብቻ አትመኩ።

አር፦ ሠንጠረዡ ለሰው ዓይን ሲዘጋጅ

ሲኤምዲስታንአር ሞዴሉን ራሱ ባያስኬደውም እንኳ ሌላ ቦታ የተሠሩ ፋይሎችን አንሥቶ እንደራሱ ሊያነባቸው ይችላል። ነባሪው ማጠቃለያ አማካይ፣ ሜዲያን፣ መደበኛ ልይይት፣ ማድ (ከሜዲያን የመራቅ መለኪያ)፣ 5% እና 95%፣ አር-ሃት፣ ኢኤስኤስ-በልክ እና ኢኤስኤስ-ቴል ነው። ክልሉ እዚህም 90% ነው። ከጀርባ የሚያሰላው ፖስተሪየር የተባለው ጥቅል ሲሆን፣ ከስታንሰመሪ የሚበልጥበትም እዚህ ላይ ነው፦ የራሳችሁን ፈንክሽን መስጠት ትችላላችሁ። «ታው ከ5 የሚበልጥበት ዕድል ስንት ነው?» ወይም «የትምህርት ቤት 1 ውጤት ከትምህርት ቤት 3 የሚበልጥበት ዕድል?» የሚሉት ጥያቄዎች ናሙናዎቹን በረድፍ ማነጻጸር ይፈልጋሉ። ስታንሰመሪ ይህን አይችልም፤ እያንዳንዱን ፓራሜትር ለብቻው ነው የሚያየው። ሁለቱ ክልሎች ስለተደራረቡ «ልዩነት የለም» ብሎ ከሠንጠረዥ ማንበብም ስህተት ነው፤ ልዩነቱን ራሱን አስልታችሁ የእሱን ክልል ተመልከቱ።

የአር መንገድ ዋጋው መጫኑ ላይ ነው። ሲኤምዲስታንአር በተለመደው የአር ማከማቻ በክራን ላይ የለም፤ ከስታን አዘጋጆች የራሳቸው ማከማቻ ነው የሚጫነው፣ ከዚያ ላይ ሲኤምዲስታንና የሲ++ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ሞዴሉን እዚያው ኮምፒውተር ላይ የምታስኬዱ ከሆነ ለማንኛውም ስለሚያስፈልጋችሁ ተጨማሪ ሸክም አይሆንም። ፋይል ለማንበብ ብቻ ከሆነ ግን ይበዛል። ፋይሉ ትልቅ ሲሆን የምትፈልጓቸውን ተለዋዋጮች ስም አስቀድማችሁ ስጡት፤ ካልሰጣችሁት ሁሉንም ወደ ራም ያመጣል። ያ የ40 ሚሊዮን ቁጥር ምሳሌ በስምንት ባይት ሲባዛ 320 ሜጋባይት ነው። አር አንድ ጊዜ ብቻ ቢገለብጠው 640 ሆነ።

ፓይተን፦ ሁለት መንገድ፣ አንዱ የምታውቁት

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። የሲኤምዲስታንፓይ የማጠቃለያ ትዕዛዝ ራሱ ከጀርባ ስታንሰመሪን ጠርቶ፣ የወጣውን ፋይል አንብቦ በፓንዳስ ሠንጠረዥ መልክ የሚመልስ ነው። ዳያግኖዙም እንዲሁ። ስለዚህ «በስታንሰመሪ አየሁት፣ በፓይተንም አረጋገጥኩት» ማለት ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። በአሮጌ ሲኤምዲስታን ላይ አዲስ ሲኤምዲስታንፓይ ብትጭኑም ዓምዶቹ የአሮጌው ናቸው።

እውነተኛ ሁለተኛ ምስክር የምትፈልጉ ከሆነ አርቪዝ ነው። ፋይሎቹን ራሱ አንብቦ ራሱ ያሰላል። ጥንቃቄው ክልሉ ላይ ነው፦ አርቪዝ ለዓመታት በነባሪነት ያወጣ የነበረው 94% ከፍተኛ ዴንሲቲ ክልል (94% ዕድል ከሚይዙት ሁሉ አጭሩ) ነው፣ ዓምዶቹም 3% እና 97% ይላሉ። ይህ ከፐርሰንታይል ክልል በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ይለያል። ለታው ዓይነት ከዜሮ ጀምሮ ወደ ቀኝ ለሚንጠራራ ፓራሜትር ከፍተኛ ዴንሲቲ ክልሉ ከዜሮ አጠገብ ይጀምራል፣ የፐርሰንታይሉ ግን ከዜሮ ፈቀቅ ይላል። አንዱ ባልደረባ በአር፣ ሌላው በአርቪዝ ሠርቶ «ቁጥራችን አልገጠመም» ሲባባሉ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሞዴሉን አትነካኩ። ነባሪው ከእትም እትም ሊቀየር ስለሚችል የክልሉን ዓይነትና ስፋት ሁልጊዜ በጽሑፍ ስጡት፣ ሪፖርታችሁ ውስጥም ጻፉት።

ከአርና ከአርቪዝ የቱ? ሥዕሎቹ ተቀራራቢ ናቸው። ቡድናችሁ የሚናገረውን ቋንቋ ምረጡ፤ እዚህ ላይ ልዩነቱ የጣዕም ነው።

ኦክና ግሬፕ

በእጅ መቁጠር የድሮ ሰው ሥራ ይመስላል፤ ግን ሌሎቹ የማይችሉት ነገር አለው። ሞዴሉ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነና ሁለተኛው ሰዓት ላይ ዳይቨርጀንስ እየበዛ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ያልተጨረሰ ፋይል ለስታንሰመሪ መስጠት አይመከርም፤ የሰንሰለቶቹ ርዝመት አይገጥምም፣ የመጨረሻው መስመርም ግማሽ ላይ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። በግሬፕ በ# የሚጀምሩትን አስወግዳችሁ፣ በኦክ መለያው ኮማ መሆኑን ነግራችሁ፣ የርዕሱን መስመር ዘልላችሁ ስድስተኛውን ዓምድ ብትደምሩ እስካሁን ያለው የዳይቨርጀንስ ብዛት ይወጣል። ከ300 ናሙና 90ው ዳይቨርጀንት ከሆነ ቀሪውን አራት ሰዓት መጠበቅ ኤሌክትሪክ ማቃጠል ነው።

ኦክ መስመር በመስመር ስለሚያነብ ለፋይሉ መጠን ደንታ የለውም። አማካይም ማውጣት ይችላል። አር-ሃትንና ውጤታማ ናሙናን ግን በኦክ ልጻፍ አትበሉ። ይቻላል፣ ግን ትሳሳታላችሁ፣ ስህተቱንም የሚነግራችሁ የለም።

አንድ ወጥመድ አለው። ማሞቂያው እንዲቀመጥ አዝዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 1000 ረድፎች የማሞቂያ ናቸው። ስታንሰመሪ ይህን በ# ከሚጀምሩት መስመሮች አንብቦ ይለያቸዋል። እናንተ ግን እነዚያን መስመሮች በግሬፕ ጥላችኋቸዋል፤ ኦክ ሁሉንም እንደ ናሙና ይቆጥራል። በማሞቂያ ላይ የሚፈጠር ዳይቨርጀንስ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ በከንቱ ትደነግጣላችሁ።

ስለ ኤክሴል አንድ አንቀጽ ይበቃል። የሉሁ ወሰን 16,384 ዓምድ ነው። 20,000 ፓራሜትር ያለው ፋይል ሲከፈት ትርፉ ይቆረጣል፤ ያንን ሉህ ያስቀመጠ ሰው ናሙናውን አጥቷል።

ለሁሉም የሚሆኑ ሁለት ማሳሰቢያዎች

መጀመሪያ፣ አር-ሃቱ «ናን» የሆነ ረድፍ ሁልጊዜ ችግር አይደለም። የቾለስኪ ማትሪክስ የላይኛው ሦስት ማዕዘን ሁልጊዜ ዜሮ ነው፣ የኮሪሌሽን ማትሪክስ ዲያጎናልም ሁልጊዜ አንድ። የማይለዋወጥ ነገር ልይይት ስለሌለው አር-ሃቱ ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ይሆናል። ልይይቱ ዜሮ ከሆነና መሆንም ያለበት ከሆነ እለፉት። ዜሮ መሆን የሌለበት ፓራሜትር ላይ ካያችሁት ግን ሰንሰለቶቹ አንድ ቦታ ተተክለው ቀርተዋል።

ሁለተኛው የአሃዝ ጉዳይ ነው፣ የትኛውም መሣሪያ አያድናችሁም። ናሙናዎቹ ፋይሉ ላይ ሲጻፉ በተወሰነ ጉልህ አሃዝ ነው የሚጻፉት፤ በቀደሙት እትሞች ነባሪው 6 ነበር። ፓራሜትራችሁ 123456 አካባቢ ሆኖ ልይይቱ 0.1 ከሆነ ስድስቱ አሃዞች ከነጥብ በፊት አልቀዋል፤ ሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ ይጻፋል፣ ልይይቱም ዜሮ ይሆናል። በስታንሰመሪ ላይ -ኤስ 12 ብትሉም የጠፋው አይመለስም። ናሙናው ሲሠራ የውጤቱን አሃዝ ከፍ አድርጋችሁ እዘዙ፤ ከዚያም የተሻለው ተለዋዋጩን መሀሉን ቀንሶ በልኩ ማስገባት ነው።

ሃምሳ ሞዴል ሲሆን

አንድ ሞዴል በሃምሳ ወረዳ ላይ ለብቻ ለብቻ የሚሄድ ከሆነ ሃምሳ ሠንጠረዥ በዓይን አይታይም፣ እዚህ ላይ ስታንሰመሪና ኦክ ተጋግዘው ያሸንፋሉ። በሉፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፎልደር ስታንሰመሪን በ-ሲ አስኪዱ፣ ከዚያ በወጣው ፋይል ላይ አር-ሃቱ ከ1.01 የሚበልጠውን ረድፍ ብቻ በኦክ አጣሩ። ዓምዱን ከግራ በመቁጠር አትፈልጉት። በማጠቃለያው ውስጥ የማትሪክስ ስም «ቴታ[1,2]» ተብሎ ከነኮማው ስለሚጻፍ በኮማ የሚከፋፍል ኦክ አንዱን ስም ሁለት ዓምድ ያደርገዋል፣ ከግራ የቆጠራችሁትም አንድ ይዘላል። አር-ሃት ግን በአሮጌውም በአዲሱም እትም የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ ኦክን የመስመሩን የመጨረሻ ዓምድ ጠይቁት፣ ስሙ ውስጥ ስንት ኮማ ቢኖር ግድ የለውም። በ# የሚጀምሩት ማስታወሻዎች እዚህም ስላሉ አስቀድማችሁ አስወግዷቸው፤ በፓንዳስ የምታነቡት ከሆነም #ን የማስታወሻ ምልክት አድርጋችሁ ንገሩት። ከማጣሪያው ናን የሆኑ ረድፎች አብረው ቢወጡ በማጣሪያው ላይ አትዝጉባቸው፣ አንድ ጊዜ በዓይን እዩዋቸው፤ በ49ኙ ወረዳ የማይታይ ናን በ50ኛው ብቻ ከመጣ የቾለስኪ ዜሮ አይደለም።